የወላጆቼ ቤት ሊፈርስ ነው፤ ከፍራሹ የቱን ልያዝ፣ የቱን ልተው?

የመጋላዋ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ድሬዳዋ ላይ ቤት የሠራችሁ ወይም ያሠራችሁ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

መጋላ በኩል፣ ከደቻቱ ወንዝ ብዙም ሳይርቅ ያለውን የወላጆቼን ቤት ሸጠነዋል። ገዢው የፈለገው መሬቱን ነው። «ፍራሹ የእናንተ ነው፤ ከሰኔ በፊት ግን ቦታዬን አጽድታችሁ አስረክቡኝ» ብሎናል። እኔ ሳቢያን 175 ካሬ ቦታ አለኝ። እዚያ ለእማዬና ለእኔ ሁለት መኝታና አንድ ሳሎን ልሠራ አስቤያለሁ። ከሽያጩ የደረሰኝ ድርሻ ግን በዛሬ የሲሚንቶና የፌሮ ዋጋ እስከ ጣሪያ የሚያደርሰኝ አይመስለኝም። ስለዚህ ዓይኔ ፍራሹ ላይ ነው።

ቤቱን ልንገራችሁ። አባቴ የምድር ባቡር ሜካኒክ ነበር፤ ከደመወዙ እየቆጠበ ቀስ እያለ ነው የሠራው። ዋናው ቤት ድንጋይ በጭቃ ነው፤ ላዩ የኖራ ልስን። ግድግዳው ግማሽ ሜትር ይወፍራል። ፊት ለፊት ያሉት ሁለት ትልልቅ በሮችና አራት ረጃጅም መስኮቶች ከዚራ ሰፈር ፈርሶ ከነበረ የድሮ ቤት የገዛቸው ናቸው። እኛ ቤት ሲመጡም ፍራሽ ነበሩ ማለት ነው! በበሮቹ አናት ላይ አርኪትራቭ ሆኖ የተጋደመው የተቆረጠ ሐዲድ ነው። ድሬ ነው እንግዲህ፣ ምን ይደንቃል። የጣሪያው ወራጅ ጥድ ነው ይላሉ። ቆርቆሮው ግማሹ የድሮ ወፍራም ነው፤ ግማሹ ኋላ የተቀየረ ስስ። ሳሎኑ ባለ አበባ የሲሚንቶ ንጣፍ አለው፤ ሌላው ሊሾ ነው። ጓሮ ያለው ሰርቪስ ደግሞ በብሎኬትና በሲሚንቶ ኋላ የተጨመረ ነው። በ1998ቱ ጎርፍ ውሃው እስከ መስኮቶቹ ሥር ደርሶ ነበር፤ እሱንም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ቤተሰቡ አልተስማማም። ወንድሜ «ለቆራሌው ስጪውና ተገላገይ» ይላል። እማዬ ምስማሩ ሳይቀር ተነቅሎ አብሯት እንዲሄድ ትፈልጋለች። ያነጋገርኩት ኮንትራክተር ደግሞ «በፍራሽ አልሠራም፤ ነገ ሲሰነጠቅ የሚጠፋው የእኔ ስም ነው» አለኝ። እኔ መሐል ቤት ቀርቻለሁ። የቱ ነው በእውነት የሚያዋጣው? የቱ ነው ለትዝታ ብቻ የሚያዝ?

ነምበር ዋን፦

አቦ አትድከሚ። ፍራሽ ርካሽ የሚመስለው ጉልበቱን ሳትቆጥሪ ነው። የአፍራሽ፣ የምስማር ነቃይ፣ የአይሱዙ፣ የማስቀመጫ ቦታ፣ የዘበኛ... ደምሪው እስኪ። አዲሱን ትገዢበታለሽ። ወንድምሽ ልክ ነው።

ጡረተኛው ፎርማን፦

ልጄ፣ ነምበር ዋን ስለ ጉልበቱ ያለው እውነት ነው። ግን ለሁሉም ዕቃ አይሠራም። እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት እዚሁ ድሬ ግንባታ ላይ ነው፤ ከገነባሁት ያላነሰም አፍርሻለሁ። ፍራሽ ሲገመገም ሰው ሁሉ ዕቃውን ያያል። እኔ መጀመሪያ የማየው ዕቃው በምን እንደተያያዘ ነው። በጭቃና በኖራ የተያያዘ ነገር ሙሉውን ይለቃል። በሲሚንቶ የተያያዘ ግን ተሰብሮ ነው የሚወጣው፤ ሲሚንቶው ከዕቃው ይጠነክራልና። ስለዚህ «አሮጌው» የምትይው የፊቱ ቤት ሀብት ነው። «አዲሱ» ሰርቪስ ነው ቆሻሻ የሚሆንብሽ።

ከድንጋዩ ልጀምር። ድንጋይ አያረጅም። ጭቃው በመዶሻ ሁለት ጊዜ ነካ ሲደረግ ይራገፋል፤ በሽቦ ብሩሽ ትንሽ ካጸዱት በኋላ እንደ አዲስ ይገነባል። ዛሬ ቤት ሲሠራ መሬት ውስጥ የሚቀበረው የድንጋይ መሠረት ቀላል ወጪ አይደለም፤ አንቺ እሱን ቤትሽ ውስጥ ቆሞ አግኝተሽዋል። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። ጎርፉ የደረሰበትን የታችኛውን ክፍል ለብቻው አስቀምጪ። ልስኑ ላይ ነጭ ዱቄት የሚያወጣ ከሆነ ድንጋዩ ጨው ጠጥቷል። እሱን ወደ ቤቱ ግድግዳ አታስጠጊው፤ አዲሱንም ልስን ይልጠዋል። ለግቢ ንጣፍና ለአጥር ይሁን።

ብሎኬቱን ሙሉ አወጣለሁ ብለሽ ቀን አትግደይ። አስፈጭተሽ ከሊሾው በታች ሙሌት አድርጊው። ይሄም ቢሆን የምትገዢውን ሙሌት ያስቀርልሻል።

ፌሮ። እዚህ ላይ ከኮንትራክተርሽ ጋር ነኝ። ከሲሚንቶ ውስጥ ተፈልቅቆ የወጣ፣ ተጣሞ የተቃና ፌሮ ለኮለን፣ ለቢም፣ ለመሠረት ማሰሪያ አይገባም። ፌሮ የሚገባው በጭንቅ ጊዜ እንዲለጠጥ ነው። አንዴ ታጥፎ የተቃናበት ቦታ ላይ ግን ሳይለጠጥ ሊበጠስ ይችላል። ታኅሣሥ 2017 አዋሽ ፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። እኛም ከስምጥ ሸለቆው ጫፍ ሩቅ አይደለንም። ቤቱን የሚሸከመው አጥንት ሁሉ አዲስ ይሁን፤ አሮጌውን ፌሮ ለቆራሌው ስጪ። ወንድምሽም ትንሽ ደስ ይበለው።

ቆርቆሮ። ድሮ 28 ጌጅ ነበር የሚመታው፤ ኋላ የመጣው 32 ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል፤ ብዙ ሰው ተቃራኒው ይመስለዋል። ቀን ላይ ጣሪያው ሥር ገብተሽ ኮርኒሱን ገልጠሽ ወደ ላይ እዪ። እንደ ኮከብ የሚያበራው ሁሉ ቀዳዳ ነው። ወፍራሙ ደህና ቢሆንም እንኳ ለዋናው ቤት አልመክርሽም። ዝገት የያዘ ቆርቆሮ ከሚያብረቀርቀው ይልቅ ፀሐይ ይጠጣል፤ በድሬ ግንቦት ሳሎንሽን ምጣድ ያደርግብሻል። ለኩሽናና ለዕቃ ቤት ይበቃል። ስትመቺው የድሮው የምስማር ቀዳዳ ጉብታው ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ሸለቆ ላይ እንዳይውል። አዲስ ምስማር በጎማ።

ወራጁ እውነት ጥድ ከሆነ ምስጥ ቶሎ አይደፍረውም። ግን «ይላሉ» ብለሽ አትለፊው። በወስፌ ወይም በቀጭን ካቻቪቴ ውጊው፤ በቀላሉ ከገባ ውስጡ አልቋል። በመዶሻ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ የሚሰጠውን ያዢ፤ ድፍን ያለ ድምፅ ያለው ይቅር። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው ጫፍ ብዙ ጊዜ ይበሰብሳልና፣ ከመለካትሽ በፊት ከሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ስንዝር እንደሚቆረጥ አስቢ። «4 ሜትር እንጨት አለኝ» ብለሽ ፕላን ካሠራሽ በኋላ 3 ሜትር ተኩል ብቻ ይተርፍሻል።

የውሃ ቱቦና የኤሌክትሪክ ሽቦ ጨርሶ አትያዢ። የድሬን ውሃ ታውቂዋለሽ፤ ማንቆርቆሪያሽን ያየ ይፈርዳል። የቆየ የብረት ቱቦ ሲቆረጥ ውስጡ በኖራ ተደፍኖ ጣት አያስገባም። ሽቦው ደግሞ ላስቲኩ ደርቆ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በእሳት አይቀለድም።

ሐረር በር፦

ጋሽ ፎርማን ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ ወረቀቱ ልጨምር። ማፍረስም እንደ መገንባት ፈቃድ ይፈልጋል። ሳይጠየቅ ማፍረስ ተጀምሮ ከመንገድ ላይ ሰው ያስቆማችሁ እንደሆነ ቀነ ገደባችሁ ያልፋል። ስለዚህ ቀበሌ ቀድማችሁ ሂዱ፤ መብራትና ውሃውም በሕጋዊ መንገድ ይቆረጥ።

እኔ ያለሁት ሐረር ነው። ጀጎል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ጨዋታው ሌላ ነበር። ጀጎል በ1998 በዩኔስኮ ስለተመዘገበ እዚያ ቤት ማፍረስ ቀርቶ በር መቀየር እንኳ ቅርስ የሚመለከተውን አካል ሳያነጋግሩ አይሆንም። ይሄን የማነሳው ለምን መሰለሽ? ፍራሽ ፍለጋ ወደ እኛ የሚመጡ ሰዎች አሉ። «የተቀረጸ የሐረር በር ገዛሁ» ብሎ የሚኩራራ ሰው አይቻለሁ። በሩ ከየትኛው ቤት እንደወጣ ግን አይጠይቅም። አደራ፣ የጎደለሽን ከዚህ ለመሙላት አትሞክሪ።

ሐዲዱም ላይ አንድ ነገር። ከአባትሽ ቤት የሚወጣው ቁራጭ የቤቱ አካል ሆኖ የኖረ ነው። ያነሰኝን ልጨምር ብለሽ ግን ከመንገድ ሐዲድ አትግዢ። የድሮው መስመር ብረት የሕዝብ ንብረት ነው፤ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። መዘዙ ለገዢም ይተርፋል።

አናጺ ሳቢያን፦

እህቴ፣ እኔን የሳበኝ በርና መስኮቱ ነው። የከዚራን የድሮ እንጨት ሥራ እኔ ራሴ እየጠገንኩ አውቀዋለሁ። ዛሬ ያን ዓይነት የደረቀ እንጨት በገንዘብም አይገኝ። አዲስ የሚሸጠው እርጥብ ነው፤ በድሬ ሙቀት በወሩ ይጣመማል። የአንቺ በሮች መጣመም ካለባቸው ድሮ ተጣመው ጨርሰዋል። ከሁሉ በፊት እነሱን ያዢ።

ትልቁ ምክሬ ይሄ ነው፦ በርና መስኮቱን ፕላኑ ከመሠራቱ በፊት ለኪና ለኢንጂነሩ ስጪው። ሰው የሚቸገረው ፕላኑን አስጨርሶ በሩን ሲያመጣ ነው። በተለምዶ በር 2.10 ተብሎ ነው የሚሣለው። የአንቺ ግን ከነፍሬሙ 2.50 ቢሆን አይገርመኝም። በኋላ ብሎኬት መስበር ወይም በሩን ከታች መቁረጥ ይመጣል። የተቆረጠ የከዚራ በር ደግሞ ያሳዝናል! ኢንጂነሩ ቀድሞ ካወቀ ግድግዳውን ትንሽ ከፍ አድርጎ የላይኛው ማሰሪያ ቢም ራሱ አርኪትራቭ እንዲሆን ያደርገዋል። ሌላ አርኪትራቭ መሙላትም ይቀራል።

ስትለኪ ወርዱንና ቁመቱን ብቻ ሳይሆን ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ሁለቱንም ለኪ። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ፍሬሙ ተንጋዷል፤ ሳይነቀል ይታወቅ። የፍሬሙንም ውፍረት ለኪ። የነበረው ግማሽ ሜትር ግድግዳ ላይ ነው፤ የሚሄደው 20 ሳንቲ ብሎኬት ላይ ነው። የሚተርፍ ካለ በእንጨት ጠርዝ እናለብሰዋለን፤ ችግር የለውም።

ሲነቀል እያንዳንዱ መዝጊያ ከየትኛው ፍሬም እንደወጣ ከጀርባው በኖራ ወይም በቀለም ቁጥር ይጻፍበት። አራቱ መስኮቶች አንድ ይመስላሉ እንጂ አንዱ ሌላው ላይ ልክ አይገባም። ማጠፊያውን አትጣዪ፤ በጋዝ ተነክሮ አድሮ ሲታሽ እንደ አዲስ ይዞራል።

ቀለሙ ላይ ግን ቀልድ የለም። የድሮ ዘይት ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል መርዝ ሊኖር ይችላል። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በግራይንደር እንዳታስፍቂው፤ አቧራው ነው የሚጎዳው፣ በተለይ ሕፃናትን። እያረጠቡ መፋቅ፣ አፍንጫን በደህና ማስክ መሸፈን፣ ፍቅፋቂውን ላስቲክ ላይ ሰብስቦ መጣል። በእሳት ማቃጠልም አይሆንም። እኔ ብሆን ካልተላጠ ሙሉውን አልፍቀውም፤ የለቀቀውን ብቻ አንስቼ በላዩ አዲስ ቀለም እቀባለሁ።

የመጋላዋ፦

ኧረ እናንተ ሰዎች ተባረኩ! ዛሬ ወስፌ ይዤ ቤቱን ስዞር ዋልኩ። እማዬ «ቤቱን መርፌ ልትወጊው ነው?» ብላ ስትስቅብኝ ነበር።

የሳሎኑ ወራጆች ደህና ናቸው። የመኝታ ቤቱ ግን ውሃ የሚያፈስበት በኩል እንደ ዳቦ ገባልኝ። በሮቹ ከነፍሬማቸው 2.46 ሆኑ፤ አናጺው ለካ ሳያይ አይቷል። አንደኛው መስኮት በሰያፍ ሲለካ ሁለት ሳንቲ ይለያያል። ታችኛው ልስን ላይ ነጩ ዱቄት አለ፤ እኛ እስካሁን እርጥበት ነው እያልን ኖራ እንቀባው ነበር።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ጋሽ ፎርማን፣ ድንጋዩ ከመሠረት የሚተርፍ ይመስለኛል፤ ግድግዳ ልሥራበት? የአባቴ ቤት ቀን ላይ ቀዝቀዝ ይላል፤ የሳቢያን የብሎኬት ቤቶች ግን ምሽትም አያስቀምጡም። ሁለተኛው፣ ኮንትራክተሩን ምን ልበለው?

ጡረተኛው ፎርማን፦

ሙሉ ቤቱን በድንጋይ አትሥሪ። ግማሽ ሜትር ግድግዳ ዙሪያውን ካደረግሽ 175 ካሬው ላይ ክፍሎችሽ ይጠባሉ። ምዕራቡን ብቻ በድንጋይ ሥሪው። ድሬ ላይ የሚገድለው የከሰዓት ፀሐይ ነው። ወፍራም ድንጋይ ሙቀቱን ቀን ይይዘውና ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ዘግይቶ ነው። ግን ይሄም ጣጣ አለው። የያዘውን ሙቀት ማታ ይለቀዋል፤ ስለዚህ ማታ አየር መግባት አለበት። ያ ግድግዳ መስኮት አይኑረው። የከዚራዎቹን ረጃጅም መስኮቶች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ፊት ለፊት አስተያዪአቸው፤ ነፋሱ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። በምዕራቡ በኩል በረንዳ ከጨመርሽ ደግሞ ፀሐዩ ግድግዳውን ራሱ አያገኘውም።

መሠረቱ ከዚያ ግድግዳ ሥር መስፋት አለበት፤ ክብደቱ ከብሎኬት ብዙ ይበልጣል። ከኮለኖቹ ጋርም መታሰር አለበት። እሱን ኢንጂነሩ ያስላው፤ በእኔ ቃል ብቻ አትሂጂ። ሲገነባም በጭቃ ሳይሆን በሲሚንቶ ይሁን። ከኔ በኋላ የሚያፈርሰው ሰው ይረግመኛል እንጂ ሌላ ምን ይደረጋል።

ኮንትራክተሩን አትጣይው፤ የፈራው ተጠያቂነቱን ነው። ውሉ ላይ ለይታችሁ ጻፉት። ኮለን፣ ቢም፣ መሠረት ማሰሪያ፣ የዋናው ቤት ቆርቆሮ፣ ሽቦና ቱቦ አዲስ፤ ኃላፊነቱ የእሱ። ድንጋዩን፣ በሩን፣ መስኮቱን፣ ወራጁን ባለቤት ታቀርባለች፤ እሱ አይቶ ያልተቀበለውን ይመልሳል። ያኔም እንቢ ካለሽ የእጅ ዋጋ ብቻ የሚዋዋል ግንበኛ ፈልጊ።

ስታፈርሱ ከላይ ወደ ታች ነው። መዝጊያዎቹ፣ ኮርኒሱ፣ ቆርቆሮው፣ ወራጁ፣ ከዚያ ግድግዳው ከአናቱ። የበሩን ፍሬም ግን ሐዲዱና በላዩ ያለው ድንጋይ ሳይወርድ እንዳትነኩት። ሐዲዱን ሲያወርዱ አራት ጠንካራ ሰው ከሥሩ ሳይሆን ከጎን ይቁም። ሎደር አምጥቼ በአንድ ቀን ልጨርስልህ የሚል ሰው ወንድምሽን እንዳያታልለው፤ ሎደር ከገባ የሚተርፍሽ ድንጋዩ ብቻ ነው።

የመጋላዋ፦

የእማዬ ጥያቄ ረስቼ! ባለ አበባው ንጣፍ ይነሳል?

ጡረተኛው ፎርማን፦

እሱም እንደ ሌላው ነው፤ በምን እንደተነጠፈ እዪ። በር ጀርባ ካለው ጥግ አንዷን በቀጭን መሮ ከጎኗ አስነሺ። ሥሯ ኖራና አሸዋ ከሆነ ትነሳለች። ሲሚንቶ ከሆነ ከአራት አንዷም ሙሉ አትወጣም። ጠቅላላ ሳሎን እንዲሞላ አትጠብቂ። የደኅናዎቹን ብዛት ቁጠሪና በረንዳው ላይ ወይም እማማ የሚቀመጡበት ጥግ ላይ አስነጥፊው፤ ዙሪያውን ሊሾ ይክበበው። ንጣፎቹን ስታስቀምጪ በጠርዛቸው ይቁሙ እንጂ አይደራረቡ።

ዕቃው ሁሉ ሳቢያን ሲደርስ እንጨቱ መሬት አይንካ። በድንጋይ ላይ ከፍ ይበል፤ በመሐሉ አየር ይግባ፤ ላዩ ብቻ ይሸፈን። የድሬ ምስጥ መሬት ላይ የተኛ እንጨት ካገኘ ሳምንትም አይጠብቅ።

ነምበር ዋን፦

እሺ ተረታሁ። ግን ያን ስሱን ቆርቆሮ የምትሸጪ ከሆነ ንገሪኝ፤ ለዶሮ ቤት ፈልጌ ነበር።

የመጋላዋ፦

አቦ! «ስትደምሪው አዲሱን ትገዢበታለሽ» ያልከኝ አንተ አይደለህ? ና ውሰድ፤ ምስማሩን ግን አንተ ትነቅላለህ።